የሁለተኛው አጥቂ ጦር ለቅሶ

ወይዘሮ ወለተሥላሴ የሞተ ልጃቸውን ሳያለቅሱ ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እንባ አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ ፈቃድ አጥተው ነው። ታናሹ ልጃቸው በቀለ የሬዲዮ ሠራተኛ ወታደር ነበር፤ በ1970 መስከረም ጅጅጋ ስትለቀቅ ካራ ማርዳ ተራራ ላይ ቀረ። አብሮት የነበረ አንድ መትረየስ ተኳሽ እግሩን እየጎተተ ሐረር ገብቶ፣ ሰፈራቸው አቦከር ድረስ መጥቶ፣ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ያየውን ነግሯቸዋል። ሌላው ሲወጣ በቀለ ሬዲዮውን ጥዬ አልሄድም ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ፤ ጉድጓዱ ላይ መድፍ አረፈበት፤ የሚነሣ ሬሳ እንኳ አልተገኘም። እናት እንግዲህ ይህን ካወቀች የቀራት ማልቀስ ብቻ ነው። ግን የክፍሉ መዝገብ ላይ ከበቀለ ስም አንጻር «ከድቷል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን ትእዛዝ ተምታቶ ነበርና፣ ያልተመለሰውን ሁሉ አንድ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ በአንድ ብዕር አስከዳው።

ለከዳ ሰው ድንኳን መትከል ደግሞ በዚያ ዘመን እሳት ውስጥ በገዛ እግር መግባት ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ደንብ ደንብ ሲሉ የሚውሉ፣ የእድሩን ማኅተም ከሚስታቸው እንኳ የሚደብቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤ ያምጡና ድንኳኑ የእርስዎ ነው አሏቸው። ምን የሚል ደብዳቤ? አልከዳም የሚል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ወይዘሮ ወለተሥላሴ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ደጅ ይሄዳሉ፣ አቶ ወልደ ጊዮርጊስም መነጽራቸውን አውልቀው ያንኑ ይመልሱላቸዋል።

ግድግዳ የሚጋሯቸው እማማ ሸምሲያም ያው ናቸው። ልጃቸው ሙሳ የዚያው ክፍል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እሱም በዚያው ብዕር ከድቷል። ሰው ጠርተው ዱዓ ማስደረግ አልቻሉም። ሁለቱ ሴቶች ጊደር መጋላ ገበያ አብረው ይወርዳሉ፣ ማሽላ ይገዛሉ፣ ከነጋዴው ይጨቃጨቃሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፤ ስለ ልጆቹ ግን አይተነፍሱም። የቀበሌው ጆሮ ረጅም ነበር።

የወይዘሮ ወለተሥላሴ ትልቁ ልጅ ሻምበል እንደሻው ነው። ሩሲያኛ ኦዴሳ ተምሮ፣ አራት ዓመት ጎመን በልቶ፣ ሐረር ከተመለሰ በኋላ በአንድ የጦር ትምህርት ቤት አስተርጓሚ ሆነ። ሥራው የኮሎኔል ግሪጎሪን ትምህርት ማስተርጎም ነበር። ኮሎኔሉ ስድሳ አራት ዓመት የሞላቸው፣ አጭር፣ ደንዳና፣ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የጎደላቸው ሰው ናቸው። ሐረርን ወደዋታል፤ በርበሬዋን ግን አልቻሉም። ጊደር መጋላ ሲገቡ ማስነጠስ ስለሚጀምሩ፣ የቅመም ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ «አስነጣሹ መጡ» ይባባላሉ። የሚያስተምሩት የአንድ ጦር ታሪክ ነው፦ የሁለተኛው አጥቂ ጦር። ከተቋቋመበት ቀን አንሥቶ የሌኒንግራድን ከበባ እስከ ሰበረበት፣ ከዚያም የባልቲክ ባሕር ዳር እስከ ደረሰበት ድረስ ያለውን ወንዝ በወንዝ፣ ኮረብታ በኮረብታ ያውቁታል።

እንደሻው ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ ወደ እኛ ይመልሰዋል፤ አለዚያ ተማሪው ይምታታበታል። ኮሎኔሉ ይህን ሲሰሙ፣ እናንተ ዘንድ መዝመት ነበረብኝ፣ ስምንት ዓመት ታተርፉልኛላችሁ እያሉ ይስቁ ነበር። የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ ሲተረጉም ግን አንድ ነገር ከነከነው። ከጥር 1934 እስከ ሰኔ 1934 ያለው ስድስት ወር በአንድ ዓረፍተ ነገር አልቋል፤ ጦሩ ከባድ ውጊያ አካሂዶ እንደገና ተደራጀ ይላል። ሌላው ቦታ ለአንዲት ድልድይ ሦስት ገጽ ነው። ምነው ይህ አጠረ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ መጽሐፉ እንደዚያ ነው አሉና መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። እንደሻውም የሰው ቁስል የሚነካ ሰው አልነበረምና ተወው።

በ1977፣ ግንቦት አንድ ቀን፣ ፋሺዝም ድል የተመታበት አርባኛ ዓመት በትልቅ አዳራሽ እንዲከበር ታዘዘ። ኮሎኔሉ ጡረታ ሊወጡ፣ አገራቸው ሊገቡ አንድ ወር ቀርቷቸዋልና ንግግሩን እሳቸው ያድርጉ ተባለ። የበዓሉ አዛዥ የፖለቲካ ኃላፊው ሻለቃ አባይነህ ነው፤ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከሰው ይልቅ ከወረቀት ጋር የሚግባባ ሰው። ንግግሩ ተጻፈ፣ ተተረጎመ፣ በየገጹ ማኅተም ተመታበት። እንደሻው ያን ጊዜ እድሉን ሞከረና የወንድሙን ነገር አነሣ። ሻለቃው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ በዓሉ በጽሑፉ መሠረት ነጠላ ሰረዝ ሳይዛነፍ ካለፈ፣ በቀለ በግዳጅ ላይ እያለ ጠፋ የሚል ደብዳቤ እፈርማለሁ አለ። ደብዳቤው ዕለቱን ተተየበ፤ ፊርማ ብቻ ቀረው። እንደሻው ሙሳንም ጨምርልኝ ሊል አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። የያዘውን እንዳያጣ ፈርቶ ዋጠው፤ ለብዙ ቀን እማማ ሸምሲያን በር ላይ ሲያገኝ ዓይናቸውን ማየት አቃተው።

ይህንን ለእናቱ ነገራቸው። በማግሥቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጊደር መጋላ ወርደው ለለቅሶ ንፍሮ የሚሆን ስንዴና ባቄላ ሸመቱ፤ አንድ ሙሉ ጆንያ። እማማ ሸምሲያ አብረው ነበሩ። ለአንዲት ሴትዮ ጓዳ ያን ያህል ንፍሮ ምን እንደሆነ ማን ይስተዋል? ጆንያውን አብረው ተሸከሙ እንጂ ምንድነው ብለው አልጠየቁም።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲመጣ አዝዞ ነበር፤ የቀረ ከስኳር ዝርዝሩ ይሰረዛል። የሚልኩት ወጣት የሌላቸው ቤቶች እናቶችን ላኩ፤ የኋላው ወንበር ሁሉ በነጠላና በሻሽ ነጣ። ወይዘሮ ወለተሥላሴና እማማ ሸምሲያም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከፊት ከአዲስ አበባ የመጡ የሶቪየት እንግዶች አሉ፣ አጠገባቸው ሻለቃ አባይነህ። የደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ጫፉ ይታያል፤ እንደሻው መድረኩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ከዚያ ወረቀት መንቀል አልቻለም።

ኮሎኔሉ በደንብ ጀመሩ። ጦሩ በ1934 ጥር በረዶ የሆነውን የቮልኾቭን ወንዝ ተሻግሮ ጫካ ገባ አሉ፤ እንደሻው ተረጎመ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ኮሎኔሉ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። መነጽራቸውን አወለቁና በቃላቸው መናገር ያዙ። ስለ ረግረግ ነበር የሚናገሩት፣ ስለ ሞተ ፈረስ ሥጋ፣ ስለ ተዘጋ መንገድ።

እንደሻው ሰው ነውና ፈራ። ማኅተም የተመታበትን ዓረፍተ ነገር አነበበ፦ ጦሩ ከባድ ውጊያ አካሂዶ እንደገና ተደራጀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሻለቃው በእርካታ ራሱን ነቀነቀ።

ኮሎኔሉ ሁለት ዓመት ሐረር ኖረው አማርኛ አልዘለቃቸውም፤ ግን የእሳቸው ረጅም፣ የእሱ አጭር እንደነበረ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ማይክሮፎኑን በመዳፋቸው ሸፍነው በሩሲያኛ ቀስ ብለው አናገሩት።

«ከፈራህ ንገረኝ፤ አልቀየምህም፣ እቀመጣለሁ። ግን ያላልሁትን ብሏል አትበል።»

እንደሻው ወደ አዳራሹ አየ። እናቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጣዩን ጭብጨባ ይጠብቃሉ። አፈረ። የዚያን ዕለት ከተሰማው ሁሉ እውነተኛው ይኸው ነው፤ አፈረ። ወረቀቱን መድረኩ ላይ አስቀምጦ፣ ልድገመው፣ ይቀጥሉ አላቸው። ከዚያ በኋላ ኮሎኔሉ ያሉትን አንድም ሳያስቀር ተረጎመ።

በረዶው ሲቀልጥ ጫካው ረግረግ ሆነ። ጦሩ የገባበት መንገድ ጠበበ፣ ሰኔ ላይ ጭራሽ ተዘጋ። ፈረሶቹን በሉ፣ ቆዳቸውን ቀቀሉ፣ በመጨረሻ የዛፍ ቅርፊት። ኮሎኔሉ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት የሬዲዮ ወታደር ነበሩ፤ ክፍላቸው አሥራ አንድ ሰው ነበር። በአንዲት ጠባብ የባቡር ሐዲድ ላይ በደረታቸው እየተሳቡ ሲወጡ አሥሩ ቀሩ። የወገን መርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው አንተስ ለምን ተረፍህ የሚል ነበር። ሐምሌ ላይ የጦሩ አዛዥ ለጠላት እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲያ የሁለተኛው አጥቂ ጦር ሰው ነኝ ያለ ሁሉ በጎሪጥ ታየ። ጦሩ በአዲስ ሰው ተሞልቶ ሌኒንግራድ ደረሰ፣ ተሸለመም፤ የረግረጉ ሰዎች ግን ሲነሡ ሰው ወሬ ይቀይራል።

«የጓደኛዬ የስቴፓን እናት ሃያ ዓመት በር ላይ ቆማ ጠበቀች» አሉ ኮሎኔሉ፤ እንደሻው ወደ አማርኛ መለሰው። «ጎረቤት ሰላም አይላትም ነበር። እኔም ከረግረጉ መውጣቴን አርባ ዓመት ደበቅሁ። አዛዡ ሄደ፤ ወታደሩ ግን እዚያው ነው። እነዚህ ሰዎች አልከዱም።»

ከዚያ ስማቸውን ጠሩ። ሚካኢል። ስቴፓን።

ስቴፓን ሲባል ወይዘሮ ወለተሥላሴ ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ጥለቱ ከላይ ሆነ። አዳራሹ ሁሉ አየ፤ ምን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። «ልጄ ስቴፓን» አሉ ድምፃቸውን አውጥተው፤ «እናትህ ሩቅ ናት፣ እኔ አለሁልህ፤ ተራራ ላይ ያስቀሩህ ልጄ፣ ድንኳን የተነፈግኸው ልጄ!» ረግረግ እንጂ ተራራ የሚባል ነገር ኮሎኔሉ አላነሡም። ስንት ሰው የሌላ ለቅሶ ላይ ሄዶ የገዛ ሐዘኑን አልቅሷል፤ ደንቡ ነው፣ ማንም የማንን ነው ብሎ አይጠይቅም። ኮሎኔሉ ስሙን ቀጠሉ፤ ሁለት ኢቫን፣ ኒኮላይ፣ ጋቭሪል፣ ፊዮዶር፣ አንድሬይ፣ ራሺድ። ራሺድ ሲባል እማማ ሸምሲያ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ፒዮትር ሲባል የኋላው ወንበር በሙሉ ቆሞ ነበር። ካራ ማርዳ ላይ ስንት ልጅ እንደቀረ ሐረር ያን ቀን በጆሮዋ ሰማች።

ሻለቃ አባይነህ ብድግ አለ፤ ሊያስቆም ነበር። ወዲያው አጠገቡ ያሉት እንግዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንባቸውን ሲጠርጉ አየ። ለወንድም ሕዝብ ጀግኖች የሚፈስ እንባ በየትኛው መመሪያ ይከለከላል? እጁን ከሱሪው ስፌት ጋር አጣብቆ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ለቅሶው እስኪያበቃም እንደዚያው ቆየ። ለበላይ የተጻፈው ዘገባ የሐረር እናቶች በዓለም አቀፋዊ ስሜት እንባቸውን አፈሰሱ ይል ነበር አሉ።

እንደሻውን ግን አልማረውም። ሩሲያኛ የሚያውቁ ሁለት የመቶ አለቆች ጽሑፉ የት ላይ እንደተጣሰ ዕለቱን አስረድተውታል። ሻለቃው ቢሮው አስጠርቶት ደብዳቤውን ፊቱ ላይ ለአራት ቀደደው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ ሰሜን እንዲዛወርም ትእዛዝ ሰጠው። እንደሻው ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ዝውውሩ አላስጨነቀውም፤ የተቀደደው ደብዳቤ ግን አንጀቱን በላው። እናቱን ምን ልበላቸው እያለ ከአዲሱ ከተማ እስከ አቦከር በእግሩ ሄደ፣ እቤት ሲደርስም እንደሆነው ነገራቸው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሰሙት፣ እራት አቀረቡለት፣ ብላ አሉት።

በማግሥቱ ማለዳ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በሩን አንኳኩ። ብብታቸው ውስጥ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ሳይቀመጡ ከፈቱና ጣታቸውን አንዱ አንቀጽ ላይ አድርገው አስረዱ፦ ለቅሶ ከተነሣ ድንኳን ይተከላል። ደብዳቤ የሚጠየቀው ለቅሶ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ከተነሣ በኋላ ደንቡ ስለ ደብዳቤ የሚለው የለም። ለቅሶው ደግሞ በመንግሥት አዳራሽ፣ በመንግሥት ማይክሮፎን፣ ስድስት መቶ ሰው እያየ ተነሥቷል። ስለዚህ ነገ ሠልስት ነው። ቀበሌ የማን ሠልስት ነው ቢልስ ብሎ እንደሻው ጠየቀ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የኮሎኔሉ አሥር ሰዎች ነዋ። ባለ ለቅሶውን ይዘህልኝ ና።»

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ሁለቱ ሴቶች ያን ስንዴና ባቄላ ከሌሊት ጀምረው በአንድ ጎላ ቀቀሉት። ኮሎኔሉ በሙሉ የክብር ልብሳቸው መጡና መሐል አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የገባ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሳቸው እየሄደ ጎንበስ ይላል፤ እግዜር ያጥናዎት ይላል ክርስቲያኑ፣ አላህ ሶብር ይስጥዎ ይላል እስላሙ። ምንድነው የሚሉኝ አሉ እንደሻውን። ነገራቸው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አንድ ቀን እንደዚህ ያላቸው አልነበረም። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙት፣ ለብዙ ጊዜም ቀና አላሉም። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንገቱን አስገብቶ አየና፣ ንፍሮ ዘግኖ ሄደ።

ወደ ቀትር ላይ ኮሎኔሉ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን የአንድ ወታደር ፎቶግራፍ አይተው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እንደሻው ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሞ ያልነገራቸውን ነገራቸው፤ ወንድሜ ነው፣ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር፣ መዝገቡ ከድቷል ይላል። ኮሎኔሉ ሌላ አልጠየቁም። ከደረት ኪሳቸው የአሥሩ ጓደኞቻቸው ስም ያለበትን አንድ ወረቀት አወጡ፤ ግርጌው ላይ በሩሲያኛ በቀለ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ብለው ጻፉና ፊደሉ ልክ እንደሆነ እንዲያይላቸው ሰጡት።

እንደሻው ወረቀቱን እንደያዘ ዘወር ሲል እማማ ሸምሲያን አየ። ያን ቀን ዓይናቸውን አልሸሸም። «ሙሳ» አላቸው ለኮሎኔሉ፤ «ሙሳ፣ የጭነት መኪና ሹፌር።» እሱም ተጻፈ። ከዚያ ሴቶቹ አንዳቸው ሌላዋን እየጎሰሙ መጡ። መትረየስ ተኳሽ፣ ወጥ ሠሪ፣ ምድብ ሥራውን እናቱ የማታውቀው አንድ አሥር አለቃ። ወረቀቱ ሞላ፤ ኮሎኔሉ ገልብጠው ጀርባው ላይ ቀጠሉ። አሥራ ዘጠኝ የሐረር ልጅ ከአሥሩ ሥር ገባ። ከታች ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ጽፈው ፈረሙ፤ ማኅተም እንኳ የለኝም አሉ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ እንዲነበብ ፈለጉ። እንደሻው ሊያነብ ሞከረ፣ ድምፁ እምቢ አለው። ስለዚህ ኮሎኔሉ ተነሥተው ቆባቸውን አደረጉና በራሳቸው አንደበት፣ ጠዋት ጠዋት ለቁጥጥር ሰልፍ ወታደር እንደሚጠሩት ጠሩ። ሚካኢል አሉና ጠበቁ። ሰው ተጠርቶ ዝም ሊባል ነው እንዴ? «አቤት» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። ስቴፓን። «አቤት» አሉ አሁንም እሳቸው። አሥሩንም እሳቸው አቤት አሉላቸው፤ ራሺድ ላይ ብቻ እማማ ሸምሲያ ቀደሟቸው።

አሥራ አንደኛው በቀለ ነበር። ኮሎኔሉ «ቤኬሌ» ብለው ጠሩት። ወይዘሮ ወለተሥላሴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣቸውም። ኮሎኔሉ ጠበቁ፤ ሰውም ጠበቀ። እንደሻው ነው «አቤት» ያለው።